«ራሱ ነው የዘጋው»፤ ባለቤቱስ ማን ነው?

«ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን የሚገኝ አይመስለኝም። ባንክ ቤት ይባላል፤ ክፍለ ከተማ ይባላል፤ ትኬት መሸጫም ይባላል። ሰውም ይህን ቃል እንደ ዝናብ ከላይ እንደ መጣ ነገር ቆጥሮ ስለሚቀበለው፥ አንገቱን ደፍቶ ወደ መጣበት ይመለሳል። እኔም እስካለፈው የምዝገባ ሳምንት ድረስ እንዲሁ ስመለስ የኖርሁ ሰው ነኝ። በዚያ ሳምንት የደረሰብን ነገር ግን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ስላስገደደኝ፥ ክቡራን አንባቢያን፥ አስቀድሜ እርሱን እንድናገር ይፈቀድልኝ።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነበር። ከአርባ የማናንስ ተማሪዎች በአንድ የኮምፒዩተር ክፍል ተጨናንቀን የይለፍ ቃላችንን እንጽፋለን። ከመካከላችን አንዳንዱ ቸኩሎ ይሳሳታል፤ ይደግማል። ድንገት የሁላችንም መስታወት በአንድ ጊዜ «መግባት አይፈቀድም» አለ። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ብንሄድ የተለመደው መልስ ተሰጠን፤ ሲስተም የለም። ወደ ባለሙያው ክፍል ወረድን። ሰውየው ትሑት ነው፤ ወንበር ሰጠን፤ ማሽኑንም ተመለከተ። ከዚያም «እኛ አልዘጋነውም፤ ራሱ ነው የዘጋው» አለ። «ራሱ ማን?» ብንለው፥ «ራሱ ሲስተሙ» አለን።

ምክንያቱ የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ከዚያ ክፍል የሚወጣው መልእክት ሁሉ በውጭ የሚታየው በአንድ አድራሻ ስም ነው። ይህም ያለ ምክንያት አልተደረገም፤ የቀድሞው የኢንተርኔት አድራሻ በ32 ቢት የተወሰነ ስለሆነ ከ4.3 ቢሊዮን አይበልጥም፤ የዓለሙ ዋና ጎተራም በ2011 ፌብሩዋሪ ወር ባዶ ሆኗል። ስለዚህ ብዙ ኮምፒዩተሮች እንደ ደባል ተከራይ በአንድ አድራሻ እንዲኖሩ ይደረጋል። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ በር ጠባቂው ፕሮግራም አርባ ተማሪ አላየም፤ አርባ ቁልፍ የሚሞክር አንድ ሌባ ነው ያየው። ዘጋ። ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ፕሮግራም ምዝገባውን ፈጸመና በየስማችን ላይ የመዘግየት ቅጣት ጻፈብን። ቅጣቱን ከፈልን። ከእኛ ጋር የነበረች፥ ከገጠር የመጣች አንዲት ጓደኛችን ተበድራ ከፈለች። አቤት ብንልም በየቢሮው የተሰጠን መልስ አንድ ነበር፤ ማንም ሰው አልወሰነባችሁም ተባልን። እውነት ነው፤ የወሰነብን ሰው አልነበረም። ይቅርታ ሊያደርግልን የሚችል ሰውም አልነበረም።

እኔ የሥነ ጽሑፍና የቋንቋ ተማሪ ነኝ። ስለ ኮምፒዩተር መረብ የምናገረው እንደ ባለሙያ ሳይሆን መረቡ እንደ ያዘው ሰው ነው። ሆኖም በሰዋስው ክፍል ከተማርሁት አንድ ነገር በዚህ ጉዳይ ሳይጠቅመኝ አልቀረም። በቋንቋችን አንድን ድርጊት የሚሠራው ቃል የዐረፍተ ነገሩ «ባለቤት» ይባላል። ሌሎች ቋንቋዎች በሌላ ስም ይጠሩት ይሆናል፤ የእኛ ሊቃውንት ግን ድርጊት ያለ ባለቤት እንደማይቆም በስሙ ነግረውናል። «ተዘግቷል» ስንል ባለቤቱን እንሸሽጋለን። «ራሱ ዘጋው» ስንል ደግሞ ባለቤት የሰጠን እንመስላለን እንጂ አልሰጠንም። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ ታላላቅ መሐንዲሶች ራሱን በራሱ የሚያስተዳድር መረብ እንሠራለን ሲሉ፥ እኔ የምጠይቀው ይህንኑ የሰዋስው ጥያቄ ነው፤ ይህ «ራሱ» የተባለው ማን ነው?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የኢንተርኔትን አወላለድ ጥቂት መመልከት ያስፈልጋል። በ1964 ፖል ባራን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ራንድ በተባለው የምርምር ተቋም ሆኖ፥ በጦርነት ጊዜ እኩሌታው ቢደመሰስ እንኳ ሥራውን የማያቋርጥ የመገናኛ መረብ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል ጻፈ። ያገኘው መልስ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ምሳሌያችን ነው። ሁሉ ነገር በአንድ ማዕከል የሚያልፍበትን መረብ ትቶ፥ እያንዳንዱ መገናኛ ሦስት አራት ጎረቤት ያለውን መረብ መረጠ። መልእክቱም በትንንሽ ጥቅል ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ጥቅል ያገኘውን መንገድ ይዞ ይሄዳል። በእንግሊዝ አገር ዶናልድ ዴቪስ የተባለው ሊቅ ለብቻው ወደዚሁ ሐሳብ ደርሷል። በ1969 ኦክቶበር 29 ቀን በካሊፎርኒያ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ አንድ የምርምር ተቋም የመጀመሪያው መልእክት ሲላክ፥ ለመጻፍ ከታሰበው ቃል ሁለት ፊደል ብቻ እንደ ደረሰ ማሽኑ ተበላሸ። ኢንተርኔት ከመወለዱ ጀምሮ መውደቅንና መነሣትን የሚያውቅ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያም ቪንተን ሰርፍና ሮበርት ካን በ1974 ልዩ ልዩ መረቦች የሚነጋገሩበትን ደንብ አወጡ። በ1983 ጃንዋሪ 1 ቀን የቀድሞው መረብ በሙሉ ወደዚህ ደንብ ተዛወረ። የደንቡ ታላቅነት በመካከል ላይ የተቀመጠውን ማሽን ብዙ አለማስቸገሩ ነው። መካከለኛው ራውተር ጥቅሉን ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ማሳለፍ ብቻ ነው ሥራው፤ በውስጡ ያለውን አይመረምርም። የጠፋውን የማስመለስና የተበላሸውን የማረም ኃላፊነት በሁለቱ ጫፍ ያሉት ኮምፒዩተሮች ነው። ሳልትዘር፥ ሪድና ክላርክ የተባሉ ሦስት መምህራን በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን አሠራር በምክንያት አስደግፈው አቅርበውታል። በአጭሩ መካከሉ እንደ ፖስተኛ ነው፤ ደብዳቤ ያደርሳል እንጂ ደብዳቤ አይከፍትም።

ራስን ማስተዳደር የሚባለው ነገር በኢንተርኔት ውስጥ አዲስ አይደለም። እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ የሚያምረውን ምሳሌ የምናገኘው በ1986 ነው። በዚያ ዓመት በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲና በአጠገቡ ባለው የምርምር ቤት መካከል፥ አራት መቶ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ፥ በሰከንድ 32,000 ቢት ይሄድ የነበረው መልእክት ወደ 40 ቢት ወረደ። ምክንያቱም ሁሉም በአንድ ጊዜ ይልካል፤ መንገዱ ይዘጋል፤ ጥቅሉ ይጠፋል፤ የጠፋበትም ሁሉ እንደገና እየላከ መንገዱን የባሰ ያጨናንቀዋል። በጠባብ በር እየተጋፋ የሚወጣ ሕዝብ ዐይታችሁ እንደ ሆነ ነገሩ እርሱ ነው። ቫን ጃኮብሰን የተባለው ሳይንቲስት ከባልንጀራው ጋር ያገኘውና በ1988 ያሳተመው መፍትሔ ግን ፖሊስ አላቆመም፤ ማዕከላዊ ትእዛዝ ሰጪም አልሾመም። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የላከው ጥቅል ሲጠፋበት መንገዱ እንደ ተጨናነቀ ገምቶ ፍጥነቱን በብዙ ይቀንስ፤ መንገዱ ሲለቀቅ ደግሞ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምር አለ። ደንቡ በግልጽ ታትሞ የወጣ ነው፤ ማንም ሊያነበው፥ ሊነቅፈውና ሊያሻሽለው ይችላል። በዚህ ዐይነቱ መረብ ውስጥ «ራሱ» ማለት ሁላችንም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ራስን ማስተዳደር እኔ እጅግ አድርጌ አከብረዋለሁ።

ነገር ግን ታዛዥነት ሁልጊዜ ጤና አይደለም። በ1980 ኦክቶበር 27 ቀን የቀድሞው መረብ ለጥቂት ሰዓታት ፈጽሞ የማይሠራ ሆኖ ነበር። ከአንዱ ማሽን ውስጥ ጥቂት ቢቶች ስለ ተበላሹ፥ ሦስት የመንገድ ማስታወቂያዎች የተሳሳተ ተራ ቁጥር ይዘው ወጡ። ቁጥሮቹም እንዲህ ያሉ ሆኑ፤ አንደኛው ከሁለተኛው አዲስ ነው፤ ሁለተኛው ከሦስተኛው አዲስ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ተመልሶ ከአንደኛው አዲስ ነው። እያንዳንዱም ማሽን «አዲስ የመጣውን ተቀብለህ ለጎረቤትህ አስተላልፍ» የሚለውን ደንብ በታማኝነት እየፈጸመ ሦስቱን ማስታወቂያ ያለ ማቋረጥ ሲያዞር ሌላ ሥራ ሊሠራ አልቻለም። ከማሽኖቹ አንድም ያመፀ የለም። ሁሉም ስለ ታዘዙ ነው መረቡ የወደቀው። ያዳነውም የሰው እጅ ነው፤ ሰዎች ነገሩን መርምረው ዙሩን የሚሰብር ማስተካከያ አስገቡ።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በ2001 ፖል ሆርን የተባለው የአይ.ቢ.ኤም. የምርምር ኃላፊ፥ የኮምፒዩተር ሥርዓት እጅግ እየተወሳሰበ ስለ ሄደ የሚያስተዳድረው ሰው ሊገኝ አይችልም፤ ስለዚህ ራሱን እንዲያስተዳድር መደረግ አለበት ብሎ አስታወቀ። ምሳሌውንም ከሰው አካል ወሰደ። ልባችን ያለ ትእዛዛችን ይመታል፤ ሲሞቀን ሳናስበው ያልበናል፤ ይህን የሚሠራው ራስ-ገዝ የሆነው የነርቭ ሥርዓት ነው። መረቡም እንዲሁ ራሱን ያዋቅር፥ ራሱን ይፈውስ፥ ሥራውን ያሻሽል፥ ራሱንም ይጠብቅ ተባለ። በ2003 ደግሞ ከላይ የጠቀስሁት ዴቪድ ክላርክ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፥ በኢንተርኔት ላይ አንድ የዕውቀት ደርብ እንዲጨመር ሐሳብ አቀረበ። ሰው የሚፈልገውን ግብ ብቻ ይናገራል፤ ዝርዝሩን መረቡ ራሱ ያገኘዋል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህም አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ እየበረታ ስለ ሄደ፥ በፊት ሐሳብ የነበረው ነገር በየኩባንያው ሥራ ላይ እየዋለ ነው።

ስለዚህ ነገር ከአንድ የምህንድስና ተማሪ ጓደኛዬ ጋር በመኝታ ቤታችን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረናል። የእርሱን አሳብ አሳንሼ ማቅረብ ስለማልወድ እንደ ተናገረው እጽፈዋለሁ። «አንተ የቅጣት ገንዘብ ስለ ከፈልህ ማሽኑን ጠላህ» አለኝ። «በቢሊዮን የሚቆጠር መሣሪያ የተያያዘበትን መረብ በሰው እጅ ልታስተዳድረው ነው? ሰውስ አያዳላም? አውቶማቲክ ስልክ እንዴት እንደ ተፈለሰፈ አታውቅም?» ብሎ የአልመን ስትራውጀርን ታሪክ ነገረኝ። ስትራውጀር በአሜሪካ አገር የቀብር ሥራ ነጋዴ ነበር። እንደሚባለው፥ የስልክ ኦፕሬተሯ ደንበኞቹን ወደ ተወዳዳሪው ታዞርበት ስለ ነበረ፥ ተናድዶ ያለ ሰው እጅ የሚያገናኝ ማሽን ሠራ፤ የፈጠራ መብቱንም በ1891 አስመዘገበ። «እንግዲህ ማሽኑ የመጣው ከሰው አድልዎ ሊያድነን ነው፤ የምዝገባ ጸሐፊው ዘመዱን አስቀድሞ ቢመዘግብ ኖሮስ ምን ልትል ነበር?» አለኝ።

ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። በወረፋ ላይ ቆሞ ባለ ዘመድ ሲያልፍበት ያላየ ሰው ከእኛ ውስጥ የለም። እኔም ወደ በእጅ ሥራ እንመለስ አላልሁም፤ አልልምም። ጓደኛዬ የዘነጋው ግን አንድ ነገር አለ። የስትራውጀር ማሽን ደዋዩ የመረጠውን ቁጥር ያገናኛል እንጂ ማን መደወል እንደሚገባው አይፈርድም። ዛሬ የምንነጋገርበት ማሽን ግን ይገምታል፤ ይጠረጥራል፤ ይፈርዳል፤ ፍርዱንም ወዲያው ይፈጽማል። ከአገናኝነት ወደ ዳኝነት ከፍ ያለውን ማሽን፥ ዳኛን በምንጠይቅበት ጥያቄ ልንጠይቀው ይገባል።

ደግሞም ታላላቆቹ ባለ ጸጎች የሠሩት ማሽን እንኳ እንዴት እንደሚፈርድ አይተናል። በ2021 ኦክቶበር 4 ቀን ፌስቡክ ከነቤተሰቡ፥ ዋትሳፕና ኢንስታግራም ጭምር፥ ስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፋ። ከሦስት ቢሊዮን በላይ ሰው የሚጠቀምበት ነገር ነው። ኩባንያው ራሱ እንደ ገለጸው፥ በተለመደው የጥገና ሥራ ላይ የወጣ አንድ ትእዛዝ የውስጥ ዋና መስመሮቹን በሙሉ አቋረጠ። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ መርምሮ ሊያግድ የተሠራው ፕሮግራምም ጉድለት ስለ ነበረበት አሳለፈው። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ነው የሚደንቀው። የስም መዝገብ የያዙት ኮምፒዩተሮች ከዋናው ማዕከል ጋር መነጋገር ሲያቅታቸው፥ «ታምሜአለሁና ወደ እኔ አትምጡ» ብለው አድራሻቸውን ከዓለም መንገድ ላይ ራሳቸው እንዲያነሡ ተደርገው ተሠርተዋል። ይህ አንዱ ማሽን ሲታመም መልካም ጥበብ ነው፤ ሌላው ይተካዋልና። በዚያ ቀን ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ የታመሙ መሰላቸው፤ ሁሉም ስማቸውን ሰረዙ። መሐንዲሶቹ ከሩቅ ሆነው እንዳያስተካክሉ የሚገቡበት መንገድ ያው የተቋረጠው መረብ ነው፤ በአካል ሲሄዱም ሕንጻዎቹ አጥብቀው የተጠበቁ ስለሆኑ ለመግባት ጊዜ ወሰደባቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

በ2025 ኦክቶበር 20 ቀን ደግሞ በአማዞን ኩባንያ ላይ የደረሰው ከዚህ ይልቅ ያስተምራል። በአሜሪካ ምሥራቅ ባለው ማዕከሉ የአድራሻ መዝገብ የሚያድሱ፥ አንዱ ቢደክም ሌላው እንዲተካ ተብለው የተሠሩ አውቶማቲክ ሠራተኞች ነበሩ። ከነዚህ አንዱ ዘገየና የቆየ ዕቅድ ይዞ መጥቶ በአዲሱ ላይ ጻፈበት። ወዲያውም ሌላው ሠራተኛ «ይህ የቆየ ነው» ብሎ ያንን ዕቅድ ጠርጎ ጣለው። አንዱ ጻፈ፤ አንዱ አጠፋ፤ ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ መዝገቡ ግን ባዶ ቀረ። ማሽኑ ባዶውን መዝገብ በራሱ ሊያስተካክል ስላልቻለ የሰው እጅ ገብቶ ማቃናት አስፈለገው። ይህን ማዕከል የተደገፉ ብዙ የዓለም ድርጅቶች ሥራቸው ተሰናከለ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪያገግምም ከግማሽ ቀን በላይ ፈጀ።

እነዚህን ታሪኮች የደረደርሁት በመሐንዲሶች ለመሳቅ አይደለም። ስሕተታቸውን አደባባይ አውጥተው መጻፋቸው የሚያስመሰግናቸው ነው፤ ባይጽፉት ኖሮ እኔም አላውቀውም ነበር። እኔ ለማሳየት የፈለግሁት ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፥ በ1980ም ሆነ በ2025 የመጨረሻው መድኃኒት ነገሩን የሚያውቅና እጁን ማስገባት የሚችል ሰው መሆኑን ነው። ሁለተኛው ግን ይበልጣል። በጃኮብሰን ደንብ የሚሠራው መረብ ራሱን ያስተዳድራል ሲባል ብዙ እኩዮች በአንድ የታወቀ ሕግ ይተዳደራሉ ማለት ነው። የአንድ ኩባንያ መረብ ራሱን ያስተዳድራል ሲባል ግን የአንድ ጌታ አሽከር ጌታውን ሳይጠይቅ ይሠራል ማለት ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ባለቤቱ ሌላ ነው። በድሮው አወቃቀር ዕውቀት በጫፍ፥ መካከሉ ፖስተኛ ነበረ። አሁን ዕውቀቱ ወደ መካከል እየገባ ነው። ዕውቀት በገባበት ደግሞ ሥልጣን አብሮ ይገባል። ፖስተኛው ደብዳቤውን ከፍቶ ማንበብ፥ ይህ ይለፍ ይህ ይቅር ማለት ሲጀምር፥ ፖስተኛ የሚለው ስም አይስማማውም።

ወደ አገራችንም ስንመለስ ነገሩ የሩቅ አይደለም። ባራን የመከረው ብዙ ባላ ስለ መትከል ነው፤ የእኛ መስመር ግን ባሕር በር የሌለው አገር መስመር በመሆኑ ወደ ዓለም የሚወጣው በጎረቤቶቻችን በኩል ነው፤ መውጫውም እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በአንድ ድርጅት እጅ ብቻ ነበር። በ2022 ሁለተኛ የሞባይል ድርጅት ሥራ ጀምሯል፤ መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን በ2020 ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ ለሳምንታት ሲቋረጥ፥ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ከጀመረው ጦርነት አንሥቶ ደግሞ በትግራይ ለሁለት ዓመት ያህል ሲዘጋ፥ ከወንድሙና ከእናቱ ድምፅ የተለየው ሰው ራውተሩ ተበላሽቶበት አልነበረም። ግብፅም በ2011 ጃንዋሪ ወር መጨረሻ ይህንኑ አይታለች። ራሱን የሚፈውስ መረብ የተሰበረውን ይፈውስ ይሆናል፤ በትእዛዝ የተዘጋውን ግን አይፈውስም። እንዲያውም በሩ አንድ ከሆነ፥ ብልሁ ማሽን የሚያገለግለው በሩን የያዘውን ነው፤ በሩን ፈጥኖና አሣምሮ ይዘጋለታል። ስለዚህ የወደፊቱ መረብ ምን ያህል ብልኅ ይሁን ብለን ከመጠየቃችን በፊት፥ በሩ ስንት ነው? ቁልፉስ በስንት ሰው እጅ ነው? ብለን መጠየቅ ይገባናል።

እንግዲህ ተችቶ መተው ለተማሪ አይበቃምና፥ የሚመስለኝን አራት ነገር ልጠቁም።

በመጀመሪያ፥ በሰው መብት ላይ የሚፈርድ ማሽን ሁሉ ምን እንዳደረገና ለምን እንዳደረገ መዝግቦ ይያዝ፤ ተከሳሹም በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ክላርክና ባልደረቦቹ በ2003 ያሰቡት መረብ ችግሩን ማስወገድ ካልቻለ ለምን እንዳልቻለ እንዲያስረዳ ጭምር ነበር። ማስወገዱን ይዘን ማስረዳቱን እየጣልነው ነው። የሰው አካልን ምሳሌ ከወሰድን እስከ መጨረሻው እንውሰደው። ልባችን ሳናዝዘው ይመታል፤ ሲታመም ግን ያመናል። ሕመም ለባለቤቱ የሚላክ መልእክት ነው። የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ነርቩ ስለ ደነዘዘ እጁን እሳት ሲፈጀው አይሰማውም፤ ጉዳቱም የሚበዛው ስለዚህ ነው። ሕመሙን የማይናገር መረብ ጤነኛ አይባልም።

ሁለተኛ፥ በማሽኑ ላይ የሰው እጅ የሚገባበት በር ይኑር፤ ይህም በር በራሱ በማሽኑ ላይ የተንጠለጠለ አይሁን። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን መቆለፍ ምን እንደሚያስከትል የ2021ዱ ቀን አሳይቶናል። ሦስተኛ፥ ማሽኑ የሚወስነው ውሳኔ ሁሉ በስም የሚጠራ ኃላፊ ይኑረው። ቅጣት የሚጽፍ ፕሮግራም ካለ፥ ቅጣቱን የሚሰርዝ ሰው በቢሮው ይገኝ። «ማንም አልወሰነም» የሚባል መልስ በሕግ ፊት መልስ ሆኖ መቆጠር የለበትም፤ ማሽኑን ያቆመው ሰው ወስኗል፤ ገደቡን ያበጀለት ሰው ወስኗል። አራተኛ፥ መንገዱና ባለቤቱ ይብዛ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ስንል ብዙ ድር ማለታችን ነው፤ አንድ ወፍራም ገመድ ማለታችን አይደለም።

በመጨረሻ ለእኛ ለተማሪዎች አንድ ቃል ልናገር። ይህ በእጃችሁ የያዛችሁት መጽሔት በሚባዛበት ክፍል ውስጥ ያለው ማሽን በየሳምንቱ ይበላሻል። ወረቀት ይነክሳል፤ ቀለም ይተፋል። ነገር ግን ክዳኑ ሲከፈት የነከሰው ወረቀት ይታያል፤ ከአዘጋጆቹም ውስጥ እጁን እያጠቆረ የሚያወጣው አይጠፋም። የምንኖርበት መረብ ግን ክዳኑ የሚከፈት መሆኑን እንኳ እየረሳን ሄደናል። የምህንድስና ጓደኞቻችን «ማሽኑ ይሠራዋል» ብለው ጥገናውን አይተዉብን፤ አንድ ትውልድ ሳይነካው ያደገውን ነገር በተሰበረ ቀን ሊጠግነው አይችልም። እኛ የሥነ ጽሑፍ፥ የታሪክና የሕግ ተማሪዎችም «ይህ የእነርሱ ጉዳይ ነው» ብለን አንሽሽ። ግቡን ለማሽኑ የሚነግረው ሰው ነው ከተባለ፥ ግቡ ምን ይሁን የሚለው ክርክር የመሐንዲስ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ያ ጓደኛዬ ክርክራችን ካለቀ በኋላ፥ መብራቱን ሳያጠፋ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እኔ የምሠራው ማሽን ግን ስሜን ይዞ ይወጣል» አለኝ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ተስፋዬ በእርሱ ላይ ነው። የገንዘብ ቅጣቱን ከፍለን ጨርሰናል፤ የተበደረችው እኅታችን ግን ዕዳዋን ገና እየከፈለች ነው። ነገ «ሲስተም የለም» ወይም «ራሱ ነው የዘጋው» በተባልን ጊዜ ወደ ቤታችን አንመለስ። በትሕትና፥ ነገር ግን ከደጃፉ ሳንነቃነቅ፥ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ።